ፈላጊ አጥቶ የተዘጋው ውስኪ እንዴት 45 ሺህ ፓውንድ አወጣ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ መጠጥ ኩባንያ ሁለት ጠርሙስ ውስኪ በአንድ ሳጥን አሽጎ በ45 ሺህ ፓውንድ ለገበያ አቀረበ። የቀረበው 274 ሳጥን ብቻ ነበር። ውስኪው የተጠመቀው በ1978 ሲሆን 44 ዓመት በርሜል ውስጥ ተኝቷል። ስሙ ፖርት ኤለን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋው ማስደንገጡ አይቀርም። ለነጋዴው አንባቢ ግን ከዋጋው ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ይህ ውስኪ በ1983 ባለቤቶቹ ራሳቸው “ገዥ የለውም፣ ከዚህ በላይ አንጠምቅም” ብለው ማምረቻውን የዘጉበት ሸቀጥ ነው። ሠራተኛው ተበተነ፤ የመዳብ ማፍያዎቹ ተነቃቀሉ። በመጋዘን የቀረው በርሜል ግን እዚያው ተረስቶ እንደተኛ ሆኖ ከረመ። አርባ ዓመት ሳይሞላ የአንድ መኪና ዋጋ ማውጣት ጀመረ። ለመሆኑ በመካከሉ ምን ተፈጠረ? ውስኪው ስላረጀ ነው የተወደደው? ብዙ ሰው የሚመስለው እንደዚያ ነው። ስሌቱ ሲሠራ ግን የሚወጣው መልስ ሌላ ነው።

ዳግም አረቄና በርሜል

አስቀድመን ሸቀጡን እንወቀው። “ሲንግል ሞልት” ማለት በአንድ ማምረቻ ብቻ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ ማለት ነው። “ሲንግል” የሚለው ቃል ከአንድ በርሜል የወጣ ማለት የሚመስላቸው አሉ፤ ስህተት ነው። ማምረቻው አንድ ይሁን እንጂ በርሜሉ ብዙ ሊሆን ይችላል። በየሆቴሉ የምናውቀው ጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል ሲንግል ሞልት አይደለም፤ ከብዙ ማምረቻዎች የተሰበሰበ የብቅል ውስኪ ከሌላ እህል ውስኪ ጋር ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ነው። ጠርሙሱ ላይ “12 ዓመት” ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ በድብልቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ትንሹ ዕድሜው 12 ነው ማለት ነው።

አሠራሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ገብሱ ተነክሮ ይበቅላል፤ ብቅሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሙቅ ውኃ ጣፋጩ ይወጣለታል፣ በእርሾ ይፈላል። ከዚያ በመዳብ ማፍያ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ተራ አረቄን መልሶ በማውጣት ዳግም የሚያደርግ ሰው ይህን ሥራ በደንብ ያውቀዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የስኮትላንድ ሕግ ይህን እንደ ውኃ የጠራ መጠጥ “ውስኪ” ብሎ መጥራት አይፈቅድም። ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ፣ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት መተኛት አለበት። የአልኮል መጠኑም ሲሸጥ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ቀለሙም ሆነ አብዛኛው ጣዕሙ የሚመጣው ከእንጨቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ውስኪ የሚያረጀው በበርሜል እንጂ በጠርሙስ አይደለም። በሠርግ ስጦታ መጥታ ቡፌ ውስጥ ሃያ ዓመት የተቀመጠች የ12 ዓመት ብላክ ሌብል ዛሬም የ12 ዓመት ናት። “አርጅታለች፣ ዋጋ ጨምራለች” እያሉ የሚጠብቋት ሰዎች ቢከፍቷት ይሻላቸዋል።

ደሴቱና ማምረቻው

ፖርት ኤለን የሚገኘው ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባለችው አይላ በተባለች ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ደሴቷ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ብቻ ይኖርባታል፤ በዓለም የውስኪ ገበያ ያላት ስም ግን ከስፋቷ ጋር አይመጣጠንም። የአይላ ውስኪ መለያው ጭሱ ነው። ብቅሉ ሲደርቅ ከረግረግ መሬት ተቆፍሮ በሚወጣና ፒት በሚባል እንደ ኩበት በሚነድ አፈር ይታጠናል። በወይራ የታጠነ ጋን የጠላን ጣዕም እንደሚለውጠው ሁሉ፣ ይህም ጭስ ከብቅሉ ወደ ውስኪው ያልፋል። አንዳንዱ ጠጪ ይወደዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሐኪም ቤት ሽታ ነው ብሎ ብርጭቆውን ይመልሳል።

ማምረቻው የተቋቋመው በ1825 ነው። ገናና ያደረገው ግን በ1830ዎቹ የተረከበው ጆን ራምዚ የተባለ ነጋዴ ሲሆን፣ ውስኪውን በቀጥታ ወደ አሜሪካ መላክ ጀመረ። በ1925 ዲስቲለርስ ካምፓኒ በሚባለውና የስኮትላንድን የውስኪ ኢንዱስትሪ በብዛት ጠቅልሎ በያዘው ኩባንያ እጅ ገባ። የዓለም ኢኮኖሚ በተናጋበት በ1930 አካባቢ ተዘጋ፤ ለአርባ ዓመት ጥቂት ፈሪ ለሚሆን ጊዜም እንደተዘጋ ኖረ። ዳግም የተከፈተው በ1967 ነው። በ1983 እንደገና ተዘጋ። እንግዲህ ዛሬ በጨረታ ሰው የሚሻማበት ፖርት ኤለን በጠቅላላው በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ የተጠመቀ ነው።

የበርበሬ ገበያ በአሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ

ለምን ተዘጋ? የበርበሬ ዋጋ ሲንር ገበሬው ሁሉ በርበሬ ይዘራል፤ ሲደርስ ገበያው ይጥለቀለቅና ዋጋው ይወድቃል፤ በቀጣዩ ዓመት የሚዘራው ይጠፋና ዋጋው መልሶ ይንራል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ይህን “የሸረሪት ድር” ብለው ያስተምሩታል፤ መርካቶ ያለ ነጋዴ ግን ሳይማር ያውቀዋል። ውስኪም ያው ነው፤ ልዩነቱ በመዝራትና በማጨድ መካከል አንድ ወቅት ሳይሆን አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት መኖሩ ነው። ዛሬ የሚጠምቅ ሰው የሚጠምቀው ገና ለማያውቀው ገዥ ነው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የስኮትላንድ ውስኪ ሽያጭ ከዓመት ዓመት ያድግ ስለነበር ኩባንያዎቹ ዕድገቱ በዚያው ይቀጥላል ብለው ጠመቁ። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ቀውስ መጣ፤ የምዕራቡ ዓለም ኢኮኖሚ ተዳከመ፤ ወጣቱ ጠጪ ወደ ቮድካና ነጭ ወይን ጠጅ ዞረ። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲደርስ በመጋዘን የተከማቸው ውስኪ ብዛት የተነሳ ሰዎቹ ራሳቸው “የውስኪ ሐይቅ” የሚል ስም አወጡለት። የባንክ ወለድ በዚያን ጊዜ ከፍተኛ ስለነበር እያንዳንዱ ያልተሸጠ በርሜል በየወሩ ዕዳ ይቆጥር ነበር።

በ1983 ዲስቲለርስ ካምፓኒ ከአሥር የሚበልጡ ማምረቻዎቹን በአንድ ጊዜ ዘጋ። አይላ ላይ ሦስት ማምረቻ ነበረው፤ ላጋቩሊን፣ ካል ኢላና ፖርት ኤለን። ሦስቱም የሚያወጡት የጭስ ውስኪ ነው፤ ለድብልቅ የሚያስፈልገው የጭስ ውስኪ ደግሞ ከሁለቱ ይበቃል። ካል ኢላ በ1970ዎቹ በአዲስ መልክ ተሠርቶ ስፋቱ ጨምሮ ነበርና ዕጣው በፖርት ኤለን ላይ ወደቀ። በሰሜን ስኮትላንድ የሚገኘው ብሮራ የተባለው ማምረቻም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። ከፖርት ኤለን የተረፈው በ1973 አጠገቡ የተሠራው ትልቅ የብቅል ፋብሪካ ነው፤ እሱ ለደሴቷ ማምረቻዎች ብቅል ማቅረቡን ቀጠለ።

ልብ በሉ፤ “መጠጡ ድንቅ ነውና አንድ ቀን ይወደዳል፣ እናስቀምጠው” ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም። በየመጋዘኑ የቀረው በርሜል ለድብልቅ የተዘጋጀ ተራ ጥሬ ዕቃ ነበር። ብዙው የተቀመጠው ደጋግሞ ባገለገለ በርሜል ነው፤ የደከመ እንጨት ደግሞ መጠጡን ቶሎ አይጫነውም። በአዲስ በርሜል ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው እንጨት እንጨት ይል ነበር። የቁጠባ እርምጃው ባላሰበው መንገድ ለረጅም ዕድሜ አበቃው።

ዲስቲለርስ ካምፓኒ በ1986 በጊነስ ተገዛ፤ ጊነስ ደግሞ በ1997 ከግራንድ ሜትሮፖሊታን ጋር ተዋህዶ ዲያጆ ተባለ። በ2012 ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛውና በ2022 ለቢ.ጂ.አይ. ሸጦ የወጣው ይኸው ኩባንያ ነው።

መጠበቅ ስንት ያወጣል?

ወደ ስሌቱ እንምጣ። በርሜል ውስጥ ያለ ውስኪ በየዓመቱ በእንጨቱ በኩል ይተናል። ስኮትላንዳውያን “የመላእክት ድርሻ” ይሉታል፤ በአማካይ በዓመት ሁለት በመቶ ያህል ነው። በሌላ በኩል በበርሜሉ ላይ የታሰረው ገንዘብ ወለድ ይቆጥራል። አንዱ ሸቀጡን ሲቀንስ ሌላው ወጪውን ይጨምራል።

ለምሳሌ ያህል በርሜሉ 250 ሊትር ይያዝ፤ ሲሞላ ያወጣው ወጪ 1,000 ፓውንድ ነው እንበል፤ ወለዱንም ስምንት በመቶ እናድርገው። (ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው እንጂ የማንም ኩባንያ ሒሳብ አይደሉም። የመጋዘን ኪራይንም ትቼዋለሁ።) ያኔውኑ በ70 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ቢገለበጥ 357 ጠርሙስ ይወጣዋል፤ የአንዱም ወጪ 2 ፓውንድ ከ80 ሳንቲም ነው። በ22 ዓመቱ የሚቀረው 160 ሊትር ወይም 229 ጠርሙስ ሲሆን፣ አንድ ሺሁ ፓውንድ ከነወለዱ 5,437 ሆኗል፤ ለአንድ ጠርሙስ 24 ፓውንድ ያህል ይደርሳል። በ37 ዓመቱ 169 ጠርሙስ ብቻ ይቀራል፤ ገንዘቡ 17 ሺህ 246 ፓውንድ ደርሷል፤ አንዱ ጠርሙስ 102 ፓውንድ ያህል ያስወጣል ማለት ነው።

እነዚህን ሁለት ዕድሜዎች የመረጥኩት በምክንያት ነው። ዲያጆ በ2001 ፖርት ኤለንን በልዩ ዝግጅት መሸጥ ሲጀምር የመጀመሪያው የ22 ዓመት ውስኪ ነበር፤ ስድስት ሺህ ጠርሙስ፣ ዋጋውም 100 ፓውንድ አካባቢ። በ2017 የቀረበው አሥራ ሰባተኛው ደግሞ የ37 ዓመት ሲሆን፣ ብዛቱ ከሦስት ሺህ ጠርሙስ ጥቂት ያነሰ፣ ዋጋው ግን 2,500 ፓውንድ ነበር። በእኛ ስሌት የመጠበቁ ወጪ ያደገው በአራት እጥፍ ገደማ ነው። ዋጋው ያደገው በሃያ አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከ2,500ው ፓውንድ ውስጥ የዕድሜው ድርሻ መቶ ብር፣ ይቅርታ፣ መቶ ፓውንድ እንኳ ብዙም አይዘል።

የቀረው ምንድነው? የቀረው ምርት የሌለው መሆኑ ነው። ጤፍ የሚያከማች ነጋዴ ዋጋ እስኪንር ሊጠብቅ ይችላል፤ ነገር ግን መኸር መድረሱ አይቀርም፤ አዲሱ እህል ሲገባ የያዘው ሁሉ ይረክሳል። ፖርት ኤለን መኸር አልነበረውም። ማፍያው ተነቅሏል፤ የተጠጣ ጠርሙስ አይተካም፤ የተነነ ሊትር አይመለስም። ሌሎች የ37 ዓመት ሲንግል ሞልቶች በዚያን ጊዜ ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ ማምረቻዎቻቸው ግን ገና ይሠራሉ።

ሌላም አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከኩባንያው በ100 እና በ200 ፓውንድ የገዙ ሰዎች ጠርሙሱን በጨረታ አትርፈው ይሸጡት ነበር። ኩባንያው ይህን እያየ እስከ መቼ ዝም ይላል? በ2012 አንዱን ጠርሙስ በ600 ፓውንድ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት 1,500 አደረገው። በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ውስኪው በአንድ ዓመት ያን ያህል አልጣፈጠም፤ በመሃል ያለው ነጋዴ ያገኝ የነበረውን ትርፍ ባለቤቱ ወደ ራሱ ኪስ መለሰው። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ በኩባንያው ዋጋ ገዝቶ በጨረታ ማትረፍ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም።

ሲከፈትስ?

በጥቅምት 2017 ዲያጆ ፖርት ኤለንንና ብሮራን ዳግም ሊከፍት መሆኑን አስታወቀ፤ ለሁለቱም የመደበው 35 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ብሮራ በግንቦት 2021፣ ፖርት ኤለን ደግሞ ከዕቅዱ ዘግይቶ በመጋቢት 2024 ሥራ ጀመሩ። አዲሱ ፖርት ኤለን የድሮዎቹን ቅርጽ የተከተሉ ሁለት የመዳብ ማፍያዎችና ለሙከራ የሚያገለግሉ ሁለት ትናንሽ ማፍያዎች አሉት። በመግቢያችን የጠቀስነው የ45 ሺህ ፓውንድ ሳጥን የወጣውም በዚያው ዓመት፣ ለመክፈቻው ነው።

የአሮጌው ክምችት በዚህ አይጨምርም፤ በ1978 የተጠመቀ ውስኪ ዛሬ የሚጠምቅ የለም። ይሁን እንጂ “የተዘጋው ማምረቻ” የሚለው ታሪክ አብቅቷል። በእኔ ግምት ኩባንያው የሠራው ብልህ ንግድ ነው፤ አሮጌው ሊያልቅ ሲል ስሙ ብቻውን ከሚቀር አዲሱን በአሮጌው ስም ወደ ገበያ ያስገባዋል። የአሮጌውን ጠርሙስ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ግን ከአሁን በኋላ የያዘው የጠፋ ስም ሳይሆን የአንድ በሥራ ላይ ያለ ፋብሪካ የድሮ ምርት ነው። ይህ ልዩነት በዋጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና አልታየም።

ገበያውም የ2010ሩ ገበያ አይደለም። ውድ የውስኪ ጠርሙሶች የጨረታ ዋጋ በ2022 ጣሪያ ከነካ በኋላ ወርዷል። በጥሩው ዘመን ኩባንያዎች ማምረቻ ሲያስፋፉ፣ አዳዲሶችም ሲከፈቱ ከረሙ፤ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ በ2025 ዲያጆን ጨምሮ ትልልቆቹ የአንዳንድ ማምረቻዎቻቸውን ሥራ ቀነሱ ወይም ለጊዜው አቆሙ። በስኮትላንድ መጋዘኖች ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ በርሜል ተኝቷል። የ1983ን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

“በርሜል ግዙ” የሚሉት ደላሎች

ይህ ሁሉ ታሪክ ለአዲስ ዓይነት ድለላ መንገድ ከፍቷል። ባለፉት ዓመታት በእንግሊዝ “አንድ በርሜል ይግዙ፣ አሥር ዓመት ይጠብቁ፣ ውስኪ ሲያረጅ ዋጋው መጨመሩ አይቀርም” እያሉ ለተራው ሰው የሚሸጡ ድርጅቶች በዝተዋል። ማስረጃ አድርገው የሚያሳዩት እንደ ፖርት ኤለን ያለውን ዋጋ ነው። የሚሸጡት ግን በሥራ ላይ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ማምረቻ ያወጣውን የሦስትና የአራት ዓመት መጠጥ ነው። ቢ.ቢ.ሲ. በ2025 ባሰራጨው ምርመራ አንድ በርሜል ለብዙ ሰው እንደተሸጠና ከዋጋው በብዙ እጥፍ የገዙ እንዳሉ አጋልጧል፤ የለንደን ሲቲ ፖሊስም ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ ተገልጿል።

የንግዱ አሠራር ለማታለል የሚመች መሆኑ እውነት ነው። በርሜሉ ቀረጥ ሳይከፈልበት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ይቀመጣል፤ ገዥው ወደ ቤቱ ሊወስደው አይችልም። እጁ የሚገባው ወረቀት ነው። ሻጩ ራሱ አትሞ የሚሰጠው የሚያምር “የባለቤትነት ምስክር ወረቀት” ብቻውን ምንም አያስጨብጥም። ክብደት ያለው ሻጩ ለመጋዘኑ የሚጽፈው የማስረከቢያ ትእዛዝ ነው፤ እሱንም መጋዘኑ ተቀብሎ በመዝገቡ ላይ በገዥው ስም ማስፈሩን ማረጋገጫ መስጠት አለበት። መጋዘኑን በቀጥታ ያላነጋገረ ሰው በርሜል ገዛ ማለት ይከብዳል።

ወረቀቱ ትክክል ቢሆን እንኳ በርሜሉ ራሱ ሊያፈስ ይችላል። የአልኮሉ መጠን ከ40 በመቶ ከወረደ ውስኪ ተብሎ መሸጡ ይቀራል። ባለ ማምረቻው ስሙን እንዳይጠቀሙበት ከልክሎም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ በርሜል ምንም ቢያረጅ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ስም የለውም። ሲንግል ሞልት ስኮትላንድ ውስጥ ካልታሸገ በዚያ ስም መሸጥ ስለማይቻልም “ወደ አገሬ አምጥቼ አሽጋለሁ” የሚለው ሐሳብ ከ2012 ወዲህ በሕግ ተዘግቷል። ስሌታችንንም አትርሱ፤ በስምንት በመቶ ወለድና በሁለት በመቶ ትነት የአንድ ሊትር ዋጋ በየሰባት ዓመቱ እጥፍ ካልሆነ ባለ በርሜሉ ከስሯል።

በመጋቢት 2024 ከአዲሱ ማፍያ የወጣው የፖርት ኤለን መጠጥ በርሜል ውስጥ ነው። በሕግ ውስኪ ለመባል የሚበቃው በ2027 ነው፤ የ22 ዓመት የሚሆነው ደግሞ በ2046። ኩባንያው በየዓመቱ ሌላ ይጨምርበታል።